የኮረም ሰርቨር እንዴት ይተከላል? ሲሞትስ እንዴት ይቀየራል?

አምና ሐምሌ አንድ ሌሊት ባሕር ዳር ላይ ነጎድጓዱ ሲያስገመግም አደረ። ጠዋት ስንገባ ሁሉም ነገር ይሠራል። ሁለቱም ሰርቨሮች አሉ፣ ዳታቤዙ አለ፣ ገንዘብ ከፋዮቹ ሥራ ጀምረዋል። ተመስገን ብለን ሻያችንን ጠጣን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ሆነ። የምሠራበት የቁጠባና ብድር ማኅበር በገበያ ቀን ይጨናነቃል። ሰው ብሩን አውጥቶ ወደ ገበያ ነው የሚሮጠው። ልክ በዚያ ሰዓት አባይ ማዶ ያለው ሰርቨር ፓወር ሰፕላዩ ተቃጠለ። «ችግር የለም፣ ሁለት ያደረግነው ለዚህ አይደል» አልኩ። ፋሲሎ ሰፈር ያለው ሰርቨር ግን የጓደኛውን ሥራ ሊረከብ ቀርቶ የያዘውንም ለቀቀ። ምንም ያልነካው፣ ደህና የሆነ ሰርቨር እምቢ ብሎ ቁጭ አለ።

ለካ ያን ሌሊት መብረቁ ሦስተኛዋን ማሽን ገድሏት ኖሯል። ከሦስት ሳምንት በላይ ሞታ ተቀምጣ ማንም አላየም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የተከልኳት እኔ፣ ያልጠበቅኳትም እኔ። ይህ ጽሑፍ ያቺን ማሽን፣ ማለትም የኮረም ሰርቨርን (እኔ ዳኛ እላታለሁ)፣ እንዴት እንደምትተክሉና ስትሞት እንዴት እንደምትቀይሩ ያሳያል። እኔ የምጠቀመው ኮሮሲንክና ፔስሜከር ነው (ሰርቨሮቹን የሚያገናኙና ሥራውን የሚያከፋፍሉ ፕሮግራሞች)፣ ሮኪ ሊኑክስ ላይ። ትዕዛዞቹን በእኛው ፊደል ነው የማስቀምጣቸው፤ ስትተይቡ በላቲን ፊደል መሆኑን መቼም አትረሱም።

ዳኛዋ ለምን አስፈለገች?

ዕድር ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ኮረምን ያውቀዋል። ምልዓተ ጉባዔ ካልሞላ ውሳኔ የለም፤ ቡናው ይጠጣል፣ ወሬው ይወራል፣ ቃለ ጉባዔ ላይ ግን ምንም አይጻፍም። ክላስተርም (እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ) ከግማሽ በላይ ድምፅ ካልያዘ ሥራ አይጀምርም፣ የጀመረውንም ያቆማል።

ችግሩ ኖዶቹ፣ ማለትም የክላስተሩ አባል ሰርቨሮች፣ ሁለት ብቻ ሲሆኑ ነው። ከሁለት ድምፅ አብላጫው ሁለት ነው። አንዱ ከጠፋ የቀረው ብቻውን አብላጫ አይሆንም። ኮሮሲንክ ለዚህ «ቱ-ኖድ» የሚባል ልዩ ፈቃድ አለው፤ የቀረው በአንድ ድምፅ እንዲቀጥል ይፈቅድለታል። አንዱ በትክክል ሲሞት ይሄ ግሩም ነው። ሁለቱም ደህና ሆነው መሃል ያለው መስመር ሲበጠስ ግን እያንዳንዱ «ያኛው ሞቷል፣ እኔ ልቀጥል» ይላል። አንድ ዕድር ሁለት ጸሐፊ፣ ሁለት መዝገብ ይዞ ደረሰኝ ሲቆርጥ አስቡት። በኋላ የትኛው መዝገብ እውነት እንደሆነ ማን ይፍረድ? ይሄ ነው ስፕሊት ብሬይን የሚባለው።

የኮረም ሰርቨር ሦስተኛ ድምፅ ይዛ ከሁለቱ ውጭ የምትቀመጥ ማሽን ናት። ዳታ አትይዝም፣ ዳታቤዝ አታስኬድም። መስመሩ ሲበጠስ ድምፅዋን ለአንዱ ወገን ብቻ ትሰጣለች፣ ሌላው ይቆማል። በኮሮሲንክ ቋንቋ በዳኛዋ ላይ የሚሮጠው ፕሮግራም ኪውኔትዲ ይባላል፤ በኖዶቹ ላይ ሆኖ ከእሷ ጋር የሚያወራው ኪውዲቫይስ። እነዚህን ሁለት ስሞች አትቀያይሩ፤ እኔ ቀያይሬ ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ።

አሁን ብዙ መመሪያ የሚዘለውን ነገር ልንገራችሁ። ዳኛ ስትጨምሩ የሚጠበቀው ድምፅ ከ2 ወደ 3 ያድጋል፣ «ቱ-ኖድ» የሚለው ልዩ ፈቃድ ይነሳል፣ ኮረሙም በልዩ ፈቃዱ ከነበረበት 1 ወደ 2 ያድጋል። ስለዚህ ዳኛዋ ሞታ አንድ ኖድ ቢሞት የቀረው አንድ ድምፅ ይዞ ይቀራል። አንድ ከሁለት ያንሳል። ሥራ ይቆማል። ዳኛ ባይኖር ኖሮ ያው ኖድ በልዩ ፈቃዱ ይቀጥል ነበር። የሞተች ዳኛ ከሌለች ዳኛ ትብሳለች። ቅዳሜ ዕለት የደረሰብን ይኸው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ፦ ዳኛ ስላለች ፌንሲንጉን አታጥፉ። የተሸነፈውን ኖድ በኃይል የሚያጠፋው ፌንሲንግ ነው። ዳኛዋ ትፈርዳለች እንጂ ፍርዱን አታስፈጽምም።

የት ትቀመጥ?

ከትዕዛዞቹ ሁሉ ይልቅ ይህኛው ላይ ጊዜ አጥፉ። ማሽኗ ርካሽ ናት፣ ቦታዋ ግን ውድ ነው።

የኔ የመጀመሪያዋ ዳኛ ፋሲሎ፣ ከአንደኛው ሰርቨር አጠገብ፣ እዚያው ስዊች ላይ፣ እዚያው ዩፒኤስ ላይ ነበረች። ምክንያቱም እዚያ መደርደሪያ ላይ ባዶ ቦታ ነበር። ይሄ ዳኛን ከአንዱ ተከራካሪ ቤት እንደማሳደር ነው። ያ ዩፒኤስ ሲወድቅ ኖዱም ዳኛውም አብረው ይወድቃሉ፣ አባይ ማዶ ያለው ብቻውን ይቀራል፣ እሱም ይቆማል። በአንድ ብልሽት ሁለት ድምፅ ጠፋ ማለት ነው።

ሦስተኛ ቦታ ፈልጉ። አሁን የኛዋ ሽምብጥ አካባቢ፣ ከሁለቱም ሕንፃ ውጭ ናት። ስታስቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። መብራቷ ከየትኛው መስመር ይመጣል? ኔትወርኳ በየት በኩል ነው ወደ እያንዳንዱ ኖድ የሚደርሰው? ማን ነው ሳያውቅ የሚነቅላት? የመጨረሻው ቀልድ አይደለም፤ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ዳኛ የሚነቅል ሰው አለ።

የኔትወርኩን ጉዳይ በከተማችን መልክዐ ምድር ስታዩት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ ኖድ ከአባይ ወዲህ፣ ሌላው ከአባይ ወዲያ ከሆነ መስመሩ ወንዙን መሻገሩ የግድ ነው። ዳኛዋ ወዲህ ከሆነች መሻገሪያው ላይ አንድ ነገር ሲበጠስ ወዲያ ያለው ኖድ ጓደኛውንም ዳኛውንም ያጣል። ይሄ ጥፋት አይደለም፤ ዳኛዋ የምትፈርደው ወዲህ ላለው ነው። ዋናው ሥራ የት እንዲቀጥል እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ወስናችሁ ዳኛዋን በዚያ በኩል አስቀምጧት።

ርቀቱ አያስጨንቃችሁ። ኖዶቹ እርስ በርስ ሲያወሩ መዘግየትን አይወዱም፤ ከዳኛዋ ጋር ያለው ንግግር ግን ዘግየት ቢልም ይታገሣል። በቪፒኤን በኩል ብትሆንም ትሠራለች። ንግግሩን የሚጀምሩት ኖዶቹ ናቸው፣ በቲሲፒ ፖርት 5403። ስለዚህ ዳኛዋ ቋሚ አይፒ ይኑራት።

ፈጽሞ የማይደረገው አንድ ነገር፦ ዳኛዋን ቨርቹዋል ማሽን አድርጋችሁ እዚያው ክላስተሩ ላይ አታስኪዱ። ክላስተሩ ሲቆም አብራ ትቆማለች፣ አንድ ኖድ ብቻ ሲቀር ደግሞ እሷ ሳትነሳ ክላስተሩ አይነሳም።

መብረቅን በተመለከተ ክረምት ላይ ጣና ዳር የከረመ ሰው ምክር አያስፈልገውም፣ ግን ልናገር። በሁለት ሕንፃ መካከል የመዳብ ኔትወርክ ገመድ አትዘርጉ። መብረቅ ከምሰሶው አጠገብ ቢወርድም በገመዱ ገብቶ ስዊቹንና የኔትወርክ ካርዱን ይጠብሳል። የኔዋን የገደላት እንደዚያ ያለ፣ ግቢው ውስጥ ከጥበቃ ቤቱ ካሜራ የመጣ ገመድ ነው። ፋይበር ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሶኬቱም ግራውንድ ይኑረው፣ በእውነት ከመሬት ጋር የተገናኘ ግራውንድ።

ምን ዓይነት ማሽን?

መጋዘን ውስጥ ያለ አሮጌ ዴስክቶፕ ይበቃል። ራም 2 ጊጋ ቢኖረው ተረፈው። እኔ አሁን የምጠቀመው ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ነው። ባትሪው በራሱ ትንሽ ዩፒኤስ ነው፣ መብራት ሲሄድ አትደነግጥም። ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ «ሃንድል-ሊድ-ስዊች» የሚለውን «ኢግኖር» አድርጉት፣ እንቅልፍንም ጨርሳችሁ አጥፉ። ባትሪው እንዳላበጠ በየጊዜው ተመልከቱ። ዴስክቶፕ ከሆነ ባዮስ ገብታችሁ መብራት ሲመለስ በራሷ እንድትነሳ አድርጓት።

ሌላም አለ። አሮጌ ማሽን ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለዋ፣ ብዙውን ጊዜ ሞታለች። ማሽኗ ስትጠፋ ሰዓቷን ትረሳለች። ኖዶቹና ዳኛዋ የሚነጋገሩት በሰርተፍኬት (በዲጂታል መታወቂያ) ነው፤ ሰዓቷ ዓመታት ወደኋላ ከሄደ «ይህ ሰርተፍኬት ገና አልጸናም» ተብሎ ንግግሩ ይቋረጣል። ስህተቱን ያየ ሰው ደግሞ ሰዓት ነው ብሎ ቶሎ አያስብም። ባትሪዋን ቀይሩ፣ ክሮኒ (ሰዓት አስተካካዩ ፕሮግራም) እየሠራ መሆኑንም አረጋግጡ። ኢንተርኔት ከሌላት ሰዓቷን ከኖዶቹ እንድትወስድ ማድረግ ይቻላል።

ዳኛዋን ማዘጋጀት

ሮኪ ላይ «ሃይ-አቬይለቢሊቲ» የሚለውን ሪፖ (የፕሮግራም ማከማቻ) ክፈቱ። ከዚያ በዲኤንኤፍ (በፕሮግራም መጫኛው) ሁለት ነገር ጫኑ፦ ፒሲኤስ (ክላስተሩን የምናዝበት መሣሪያ) እና ኮሮሲንክ-ኪውኔትዲ። ፔስሜከርን እዚህ መጫን አያስፈልግም፤ ዳኛዋ የክላስተሩ አባል አይደለችም።

ፒሲኤስዲን፣ ከጀርባ የሚሮጠውን የፒሲኤስ አገልግሎት፣ አስነሱና በራሱ እንዲነሳ አድርጉ። «ሃክላስተር» ለሚባለው ተጠቃሚ ፓስወርድ ስጡ። ፋየርዎሉ ላይ «ሃይ-አቬይለቢሊቲ» የሚለውን አገልግሎት በቋሚነት ክፈቱ፤ 5403 ለኪውኔትዲ፣ 2224 ደግሞ ለፒሲኤስዲ አብረው ይከፈታሉ። በቋሚነት ያልኩት በምክንያት ነው። ፋየርዎል ዛሬ ከፍቶ ሪስታርት ሲደረግ የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

ቀጥሎ ዋናው ትዕዛዝ፦

ፒሲኤስ ኪውዲቫይስ ሰትአፕ ሞዴል ኔት --ኢነብል --ስታርት

ይሄ ሰርተፍኬቶቹን ይፈጥራል፣ አገልግሎቱን ያስነሳል፣ ማሽኗ ስትነሳም አብሮ እንዲነሳ ያደርጋል። ለማየት፦

ፒሲኤስ ኪውዲቫይስ ስታተስ ኔት --ፉል

የተገናኙ ደንበኞች 0፣ የተገናኙ ክላስተሮች 0 ይላል። ትክክል ነው፤ ገና ማንም አልመጣም።

ከክላስተሩ ጋር ማገናኘት

በሁለቱም ኖድ ላይ ኮሮሲንክ-ኪውዲቫይስን ጫኑ። በሁለቱም! አንዱ ላይ ረስተው ሲጨነቁ የዋሉ አሉ። የዳኛዋን ስም በሁለቱም የሆስትስ ፋይል (የስምና አይፒ ዝርዝር) ውስጥ ጻፉ፤ በዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ በሚቀይረው አገልግሎት) ላይ አትተማመኑ፣ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ከእያንዳንዱ ኖድ ሆናችሁ ፖርት 5403 መከፈቱን ኤንሲ በሚባለው ትዕዛዝ ፈትሹ።

የቀረው ከአንዱ ኖድ ብቻ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ትውውቁ፣ «ፒሲኤስ ሆስት ኦውዝ» ብላችሁ የዳኛዋን ስም፤ የሃክላስተርን ፓስወርድ ይጠይቃል። ከዚያ፦

ፒሲኤስ ኮረም ዲቫይስ አድ ሞዴል ኔት ሆስት=ዳኛ1 አልጎሪዝም=ኤፍኤፍ-ስፕሊት

ክላስተሩን ማቆም አያስፈልግም፤ ሰው ሥራውን እየሠራ ይገባል። ሁለቱን ትዕዛዞች ልብ በሉ፦ «ፒሲኤስ ኪውዲቫይስ» የሚባለው በዳኛዋ ላይ፣ «ፒሲኤስ ኮረም ዲቫይስ» የሚባለው በኖዶቹ ላይ ነው።

ስለ አልጎሪዝሙ ብዙ አልፈላሰፍም። ሁለት አሉ። ኤፍኤፍ-ስፕሊት ለዳኛዋ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል፣ ግማሽ ለግማሽ ሲሆን አንዱን ወገን ያጸናል። ኤልኤምኤስ ደግሞ የመጨረሻው አንድ ኖድ እስኪቀር ድረስ እንዲቀጥል ለዳኛዋ ከኖዶቹ ቁጥር አንድ የሚያንስ ድምፅ ይሰጣል። ኖዶቹ አራት ከሆኑ ዳኛዋ ሦስት ድምፅ ያዘች ማለት ነው። እሷ ከሞተች አራቱም በአንድነት መቆም አለባቸው፣ አንድም መጉደል የለበትም። ለሁለት ኖድ ኤፍኤፍ-ስፕሊትን ያዙና እለፉ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ በነባሪው ትንሹ የኖድ ቁጥር ያሸንፋል፤ ያንን «ታይ-ብሬከር» በሚለው መቀየር ትችላላችሁ።

አሁን ውጤቱን እዩ፦ ፒሲኤስ ኮረም ስታተስ። ዓይናችሁን የምትጥሉት እዚህ ላይ ነው። የሚጠበቅ ድምፅ 3፣ ጠቅላላ ድምፅ 3፣ ኮረም 2። ባንዲራዎቹ ላይ «ኮሬት» (ኮረም ሞልቷል) እና «ኪውዲቫይስ» ይላል። ከታች የአባላቱ ዝርዝር አለ፤ በእያንዳንዱ ኖድ አጠገብ «ኤ፣ ቪ፣ ኤንኤምደብሊው» የሚሉ ፊደላት ይታያሉ። ኤ ማለት ኪውዲቫይስ በሕይወት አለ፣ ቪ ማለት ድምፅ እየሰጠ ነው፤ ኤንኤምደብሊውን እዚህ እለፉት። መጨረሻ ላይ ቁጥሩ 0 የሆነ፣ «ኪውዲቫይስ» የሚል መስመር አለ፣ በድምፅ ዓምዱ ላይ 1። ያቺ 1 ናት ዳኛዋ።

ዳኛዋ ስትሞት ምን እንደሚቀየር ላሳያችሁ፣ እኔን ያታለለኝ እሱ ስለሆነ። ጠቅላላ ድምፅ ከ3 ወደ 2 ይወርዳል። ቪ የነበረው ኤንቪ ይሆናል። የመጨረሻው መስመር 1 የነበረው 0 ይሆናል። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። «ኮሬት» የሚለውም አለ፣ ሁለት ከሁለት አያንስማ። አገልግሎት አይቋረጥም፣ የሚያለቅስ ተጠቃሚ የለም። ከሦስት ሳምንት በላይ ሁሉ ሰላም መስሎን የቆየነው ለዚህ ነው።

ሳትፈትኑ አትሂዱ

እሑድ ከሰዓት ምረጡ። መጀመሪያ የዳኛዋን የኔትወርክ ገመድ ንቀሉ። 10 ሰከንድ አካባቢ ቆይቶ ቁጥሮቹ ከላይ እንዳልኩት ይለወጣሉ፣ ሥራው ግን መቀጠል አለበት። መልሱ፣ 3 መሆኑን እዩ። ቀጥሎ አንዱን ኖድ ፓወሩን ንቀሉ። በሥርዓት አታጥፉት፣ ንቀሉት። በሥርዓት ሲጠፋ ተሰናብቶ ነው የሚሄደው፣ ያ ፈተና አይደለም። ሌላው ሥራውን መረከብ አለበት። ሦስተኛው በኖዶቹ መካከል ያለውን መስመር ብቻ መቁረጥ ነው፣ ሁለቱም ዳኛዋን እያዩ። አንዱ ይቀጥላል፣ ሌላው በፌንሲንግ ይጠፋል። ሁለቱም ከቀጠሉ ወይም ሁለቱም ከቆሙ ወደ ቤት አትሂዱ።

መቀየር፣ ዳኛዋ በሕይወት እያለች

ማሽኗ አርጅታ ወይም ቦታ ቀይራ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ እንጂ። አዲሲቷን ሙሉ በሙሉ አዘጋጁ፤ ጭነት፣ ፋየርዎል፣ ሰዓት፣ ሰትአፕ፣ ትውውቅ፣ ከሁለቱም ኖድ የፖርት ፍተሻ። አሮጌዋን እስካሁን አትንኩ።

አንድ ክላስተር በአንድ ጊዜ አንድ ዳኛ ብቻ ነው የሚይዘው። ሁለተኛ ልጨምር ብትሉ «አለኝ» ብሎ ይመልሳችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ ማስወጣት ግድ ነው። ሁለቱም ኖዶች ደህና መሆናቸውን አዩ? እንግዲያው፦

ፒሲኤስ ኮረም ዲቫይስ ሪሙቭ

ስታተሱ ላይ «ቱ-ኖድ» የሚለው ባንዲራ መመለሱን እዩ፤ ፒሲኤስ ራሱ ነው የሚመልሰው። ወዲያው አዲሲቷን በዚያው «አድ» ትዕዛዝ አስገቡ፣ ሆስት የሚለው ላይ አዲሱን ስም አድርጋችሁ። በሁለቱ ትዕዛዞች መካከል ክላስተሩ ያለ ዳኛ ነው። ደቂቃም አይሞላም፣ ግን በዚያ መሃል ስልክ አታንሱ፣ ኖድ ሪስታርት አታድርጉ።

አንዳንዱ ሰው አቋራጭ ይፈልጋል፤ «ዲቫይስ አፕዴት» ብሎ ሆስቱን ብቻ ልቀይር ይላል። አታድርጉ። የአዲሲቷን ሰርተፍኬት ኖዶቹ አያውቁትም፣ ያንን የሚያስተዋውቀው አድ ነው። የፒሲኤስ መመሪያ ራሱ ማሽኗ ያችው ካልሆነች በስተቀር አስወጥታችሁ አስገቡ ይላል። አዲሲቷን በአሮጌዋ ስምና አይፒ መሰየምም በዚሁ ምክንያት ብቻውን አይሠራም።

አይፒውን ይዛችሁ ኖዶቹን ሳትነኩ መቀየር ከፈለጋችሁ ግን አንድ መንገድ አለ። የአሮጌዋ ሰርተፍኬቶች ኮሮሲንክ አቃፊ ውስጥ፣ ኪውኔትዲ ሥር፣ ኤንኤስኤስዲቢ በሚባል ፎልደር ናቸው። ያንን በፍላሽ ይዛችሁ አዲሲቷ ላይ እዚያው ቦታ ካስቀመጣችሁት ኖዶቹ ዳኛ መቀየሩንም አያውቁም። ፕሮግራሙ የሚሮጥበት ተጠቃሚ ፎልደሩን ማንበብ መቻሉን እዩ፣ ኤስኢሊኑክስ (የሊኑክስ የደኅንነት ጥበቃ) ካለም የፎልደሩን ምልክት «ሪስቶርኮን» በሚለው ትዕዛዝ አስተካክሉ። ያንን ፎልደር ዛሬውኑ ባክአፕ አድርጉት። ምስጢራዊ ቁልፍ አለበትና ማንም በሚያገኘው ፍላሽ ላይ ግን አይሁን።

በመጨረሻ አሮጌዋ ላይ ሄዳችሁ ስታተሱን እዩ። የተገናኘ ክላስተር 0 ከሆነ «ፒሲኤስ ኪውዲቫይስ ዲስትሮይ ኔት» ብላችሁ አሰናብቷት። አንድ ዳኛ ለብዙ ክላስተር ማገልገል ትችላለች፣ የክላስተሮቹ ስም እስካልተመሳሰለ ድረስ። ስለዚህ 0 ካልሆነ ቆም በሉ፤ የሌላ ሰው ክላስተር አለባት ማለት ነው።

መቀየር፣ ዳኛዋ ሞታ

ሁለቱም ኖዶች ካሉ ከላይ ካለው ብዙም አይለይም። አስወጡ፣ ልዩ ፈቃዱ ይመለሳል፣ ቢያንስ ከሞተች ዳኛ ተገላገላችሁ። አዲስ ማሽን ለማግኘት ሳምንት ቢፈጅ ያንን ሳምንት ያለ ዳኛ ክረሙ፣ ፌንሲንጉ እየሠራ። የሞተችውን ስሟን ይዛ አታስቀምጧት።

የኛ ቅዳሜ ግን ዳኛዋም ሞታ፣ አንዱ ኖድም ሞቶ ነበር። እንደዚያ ከሆነ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ የሞተው ኖድ በእውነት መሞቱን አረጋግጡ። በስልክ «ጠፍቷል ጋሼ» የሚል ድምፅ አይበቃም። እኔ አባይ ማዶ ያለውን ልጅ ገመዱን ከሶኬት ነቅሎ በእጁ ይዞ ፎቶ እንዲልክልኝ አደረግኩ። ፎቶው መጣ፤ ጥቁር የፓወር ገመድ፣ ከበስተጀርባው የጠፋ ሰርቨር። ከዚያ በቀረው ኖድ ላይ፦

ፒሲኤስ ኮረም ኤክስፔክትድ-ቮትስ 1

ይህ የሚጠበቀውን ድምፅ ለጊዜው ወደ አንድ ያወርዳል። ፋይል ላይ አይጻፍም፣ በሩጫ ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚነካ። ያኛው ኖድ በሕይወት ካለ ግን በገዛ እጃችሁ ስፕሊት ብሬይን ሠራችሁ ማለት ነው። ፎቶውን የፈለግኩት ለዚህ ነው።

ኮረሙ ሲመለስ ፔስሜከር ያኛውን ኖድ ፌንስ ካላደረግኩ ሥራ አልጀምርም ይላል። የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ ያለው ሰርቨር ደግሞ ከሩቅ የሚያጠፋው ማኔጅመንት ካርዱም መብራት የለውም፣ ትዕዛዝ አይሰማም። ፔስሜከር ይሞክራል፣ ይሳነዋል፣ ይሞክራል። እዚህ ላይ «ፒሲኤስ ስቶኒዝ ኮንፈርም» ብላችሁ የኖዱን ስም ትሰጣላችሁ። «ጠፍቷል፣ እኔ ኃላፊ ነኝ» ማለት ነው። ያኔ አገልግሎቶቹ ተነሡ። ሰልፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር እጄ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር።

አዲሲቷን ዳኛ ያስገባሁት ያ ኖድ ተጠግኖ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ሁለቱም ባሉበት አስወጥቶ ማስገባት ንጹሕ ነው።

ጠባቂ አድርጉላት

በሁለቱም ኖድ ላይ በክሮን (በሰዓቱ ሥራ በሚያስጀምረው ፕሮግራም) በየ5 ደቂቃው የሚሮጥ ትንሽ ስክሪፕት አለኝ። «ኮሮሲንክ-ኮረምቱል -ኤስ» ይልና ጠቅላላ ድምፅ የሚለውን መስመር ያነባል። 3 ካልሆነ በቴሌግራም ቦት መልእክት ይልካል። «ኮሬት» የሚለውን ቃል አይደለም የሚያነበው፣ ቁጥሩን ነው። በሁለቱም ላይ ያደረግኩት አንዱ ኖድ ዳኛዋን እያየ ሌላው ላያያት ስለሚችል ነው።

ኢንተርኔት ሲጠፋስ? ቴሌግራሙም ይጠፋል። ስለዚህ ስክሪፕቱ በየጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ «3 ነኝ» የሚል አንድ መልእክት ይልካል። ያ መልእክት የቀረ ጠዋት ሻይ ከመጠጣቴ በፊት ተነሥቼ አያለሁ።

ስክሪፕቱን የጫንኩ ዕለት ሽምብጥ ሄጄ የላፕቶፗን የኔትወርክ ገመድ ነቀልኩና ሰዓቴን ያዝኩ። ስልኬ በአራተኛው ደቂቃ ጮኸ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከሁለቱም ኖድ። ገመዱን መለስኩ።